ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ

ባለፈው መጋቢት፣ ኦስሎ ውስጥ ስቶቭነር በሚባለው ሰፈር ባለው ቤቴ ሬዲዮ ከፍቼ ድንች ስልጥ፣ አንዲት ሴት ድምፅዋን ወደ ላይ ልታወጣ ስትል የምትስባት አጭር ትንፋሽ ጆሮዬ ገባችና ቢላዬን አስቀመጥኩ። ስሟን እስኪጠሩ አልጠበቅኩም። ታናሽ እህቴ ትርሲት ነበረች። ጋዜጠኛዋ «ታዋቂዋ አሜሪካዊት የኦፔራ ዘፋኝ» ብላ ጀምራ፣ በዘጠኝ ዓመቷ አንዲት አስተማሪ ፊት ዘፍና እንዳስለቀሰቻት፣ የሙያ ሕይወቷም ከዚያች ቀን እንደጀመረ ተረከች። ይህን ተረት በእንግሊዝኛም በኖርዌይ ቋንቋ በኖርስክም ሰምቼዋለሁ። በአማርኛ የተናገረው ስለሌለ እኔ ልናገረው።

ያደግነው ጅማ ነው፤ አባታችን ልብስ ሰፊ ነበር። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ እርስ በርስ መደማመጥ ስለሚያቅተን፣ እኔና ትርሲት ከስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጠን፣ ዝናቡን ለማሸነፍ ጉሮሯችን እስኪደርቅ እንዘፍን ነበር። በአምስት ዓመት እበልጣታለሁ። የት እንደምትተነፍስ ሆዷን በእጄ ይዤ ያሳየኋት እኔ ነኝ። መስከረም ሲጠባ ከሰፈሩ ልጃገረዶች ጋር ቤት ለቤት ስንዞር አውራጇ እኔ ነበርኩ፤ እሷ ከተቀባዮቹ ጋር ሆና ቀሚሴን ይዛ ትከተለኝ ነበር። የዜማውን መጨረሻ እንደ ሌሎቹ ዝቅ አድርጌ አልዘጋውም ነበር፤ ወደ ላይ ስቤ፣ እዚያው ከፍታው ላይ እተወው ነበር፣ ሰውም በሩን ከፍቶ ያየኝ ነበር።

አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ ይህ ሁሉ ቀረ። «ከእንግዲህ ሰው ፊት ስትዘፍኚ እንዳላይ» አለችኝ እናቴ፣ «አዝማሪ አሳደገች ልታሰኚኝ ነው?» በእኛ ቤት ሕፃን ሲዘፍን ጨዋታ ነበር፣ የደረሰች ልጅ ስትዘፍን ግን ነውር።

በዚያው ዓመት በጥር፣ አባቴ ልብስ የሚሰፋላት ሚስ ካሮል የምትባል አሜሪካዊት የሙዚቃ አስተማሪ እኛ ቤት ምሳ ተጠራች። ለአዲስ ዓመት ከአጥሯ ወዲያ አንዲት ልጅ ስትዘፍን ሰምታ፣ የማን ልጅ እንደሆነች ጠይቃ፣ የልብስ ሰፊው ልጅ ናት ተብላ ኖሯል። እኔ እጇን አስታጥቤ ወደ ጓዳ ተመለስኩ፤ የደረሰች ልጅ ቦታዋ እዚያ ነዋ።

«ዘፋኟ ልጃችሁ የታለች?» አለች በተሰባበረ አማርኛ።

እናቴ ትርሲትን ገፋ አድርጋ ከጓዳው መጋረጃ ፊት አቆመቻት። ጀመረች፣ ደህና አድርጋም ዘፈነች፣ መጨረሻው ላይ ስትደርስ ግን ትንፋሿ አለቀ። እንግዳ ፊት እንዳታፍር አዘንኩላት። ጭልፋውን እንደያዝኩ፣ እሷ ካቆመችበት ተቀብዬ ወደ ላይ ወሰድኩት። ትርሲት አፏን አልዘጋችም፤ ይህን በኋላ የነገረኝ አባቴ ነው።

ሚስ ካሮል መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች፣ ይህችን ልጅ አገሬ ወስጄ አስተምራታለሁ አለች። እናቴ አንዴ ወደ መጋረጃው አየችና፣ «ይብሉልኝ እንጂ» ብላ ወጥ ጨመረችላት።

እንግዳዋ ስትሄድ፣ «እኔ ነኝ እኮ! ንገሯት» አልኩ።

«ምን ብለን?» አለ አባቴ። «አፍ የከፈተችው አንዷ፣ ድምፁ የሌላዋ ነው ብለን? አታላዮች እንድትለን?»

«አንቺን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ለፋሲካ ይመጣሉ» አለች እናቴ። «እሷ ትሂድ።»

ሽማግሌዎቹ መጡ። ክረምቱ ሲገባ ትርሲት አዲስ ጫማ ተገዝቶላት ሄደች፣ እኔም በራሴ ቤት እንኳን ማንጎራጎሬን የማይወድ ባል አገባሁ፤ ከዓመታት በኋላም ኖርዌይ ገባሁ። ትርሲት ተምራለች፣ ለፍታለች፣ ይህን አልክድም። ትልልቅ መድረኮች ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆማለች። የተማረችው ግን በእኔ ቦታ ነው።

ሬዲዮውን ከሰማሁ ከሁለት ወር በኋላ፣ ባሕሩ ዳር ባለው አዲሱ ነጭ ኦፔራ ቤት ልትዘፍን ኦስሎ መጣች። እሑድ ከሰዓት ከልጄ ከሳራ ጋር ሄድኩ። ሲያልቅ ወደ ልብስ መቀየሪያ ክፍሏ አስገቡን። «እትዬ!» ብላ ተጠመጠመችብኝ፤ ሽቶዋ አነቀኝ።

ሳራ እዚሁ የተወለደች ናት፣ አንቱታ የሚባል ነገር አታውቅም። «አክስቴ፣ በዘጠኝ ዓመትሽ እንደዚህ ትዘፍኚ ነበር? ማሚ አንድም ቀን አልነገረችኝም» አለቻት።

«ተፈጥሮ ነው፣ የኔ ቆንጆ።»

«ከመጋረጃው ጀርባ ማን እንደነበረ ንገሪያት» አልኩ።

ትርሲት ወደ መስታወቱ ዞራ ጉትቻዋን ማውለቅ ጀመረች። «እትዬ ደግሞ፣ የልጅነት ነገር! ጋዜጠኞቹ ሲጠይቁኝ አሳጥሬ ነው የምነግራቸው።»

«ያሳጠርሽው እኔን አውጥተሽ ነው።»

«ናይ!» አለች ሳራ፣ በኖርስክ «አይ!» ማለቷ ነው። «ማሚ፣ አንቺ ነበርሽ እንዴ?»

«ሻይ ላስመጣላችሁ?» አለች ትርሲት፣ ከመስታወቱ ሳትዞር። አልጠጣንም።

በባቡር ስንመለስ፣ ኦከርን የሚባለው ጣቢያ ልንደርስ ስንል፣ ሳራ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። «በይ እስቲ፣ ያንን መጨረሻውን ዝፈኚልኝ።»

«እዚህ? ሰው ፊት?»

«ማን ያውቅሻል ማሚ? ዝፈኚ!»

ተነፈስኩና ሞከርኩ። የወጣው ሳል ነው። ፊት ለፊታችን የተቀመጡት ሽማግሌ ከጋዜጣቸው ቀና አሉና ወደ ንባባቸው ተመለሱ። ጅማ በነበረው ቤታችን ድምፁ የእኔ ነበር፣ ፈቃዱ ግን የእናቴ። ዛሬ ማንም አይከለክለኝም፤ የእኔ ድምፅ ግን ሳልዘፍንበት አልቋል፣ የእህቴ ገና አላለቀም።