መኪና የማይገባበት መንገድ፦ በቦርከና ዳር ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ

ይህ ጉዞ ሊተረክ የሚገባው ነው ወይ ብዬ ብዙ አመንትቻለሁ። ከኮምቦልቻ ሐርቡ በሚኒባስ የሚሄድ ሰው ከጎኑ ከተቀመጠው ተሳፋሪ ጋር በቅጡ ሳይተዋወቅ ይደርሳል። እኔ በዚያች አጭር መንገድ ቀኑን ሙሉ ፈጀሁ፤ የፈጀሁትም አስፋልት ላለመንካት ስል ነው። አንባቢ «ይህም ጉዞ ሆኖ ተጻፈ?» ቢል አይፈረድበትም። ቢሆንም ያየሁትን በቅደም ተከተል ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ሐሳቡ የተወለደው ዶርም ውስጥ ነው። እኔ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የዶርም ጓደኛዬ ብሩክ በስልኩ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። በፈረንሳይ ገጠር፣ በወንዝ ሸለቆ ውስጥ፣ ድሮ ፈረሶች ጀልባ ይጎትቱበት የነበረው የውሃ ዳር መንገድ ዛሬ ለብስክሌት ተለቋል። አንዲት ሽበታም ሴት ዳቦ በቅርጫት ይዘው ቀስ ብለው ይነዳሉ። ከኋላ ጡሩምባ የሚነፋባቸው መኪና የለም።

«እኛስ ቦርከና አለን አይደል?» አለ ብሩክ።

እናቴ ግን ብስክሌት አትወድም። ምክንያት አላት፤ ታላቅ ወንድሟ በሞተር ሲሄድ ከኮምቦልቻ በታች ከባድ መኪና ገጭቶት ነው የሞተው። አሮጌ ብስክሌት ከገዛሁበት ቀን ጀምሮ ገዢ ስታፈላልግ ነበር። የወንዝ ዳሩን ሐሳብ ስነግራት ተደራደርን።

«አክስትህ ቤት፣ ሐርቡ ድረስ፣ አስፋልት ላይ ሳትነዳ ከደረስክ ብስክሌቱ ያንተ ነው» አለችኝ። «አንዴ ከነዳህበት ግን ወላሂ እሸጠዋለሁ።»

«መሻገርስ እማ?»

«በእጅህ እየገፋህ ተሻገር። ሞኝ አታድርገኝ።»

ከደሴ መውረድ

ቅዳሜ ጠዋት ከኛ ሰፈር፣ ከደሴ ቧንቧ ውሃ፣ ብስክሌቶቻችንን እየገፋን ወደ መናኸሪያ ሄድን። እስከ ኮምቦልቻ ያለው ቁልቁለት ጠመዝማዛ ስለሆነ እዚያ ድረስ በሚኒባስ እንድንወርድ ያዘዘችው እናቴ ነች። ረዳቱ ብስክሌቶቹን ጣሪያ ላይ እያሰረ «ሂሳቡ እንደ ሰው ነው» አለን።

«ብስክሌት እኮ ወንበር አይዝም» አለ ብሩክ።

«አይዝም፤ ግን እንደ ሰውም አይጨቃጨቅም። ከአንተ ይሻላል!»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እኛም ከፈልን። ሐረጎ የሚባለው ቁልቁለት ላይ ከታች የሚመጡት ተሳቢዎች እያቃሰቱ ይወጣሉ፤ የኛ ሾፌር በጠባቧ ክፍተት ሾልኮ ያልፋል። እናቴን ያኔ በደንብ ተረዳኋት። ኮምቦልቻ ስንደርስ ሙቀቱ ጃኬታችንን አስወለቀን። የሌሊት ፈረቃ ጨርሰው ከወጡ የፋብሪካ ሠራተኞች ጋር ተጋፍተን ፉል በዳቦ በላንና ከከተማው ወጣን።

ቦዩ ላይ

መጀመሪያ ያገኘነው የከብት መንገድ ነበር። ማሽላው ታጭዶ አገዳው ተከምሯል፤ ወንዙ በጥር ወር ቀጥኖ በድንጋዮቹ መካከል ይንሸራተታል። ትንሽ ወረድ ስንል ከወንዙ የተጠለፈ የመስኖ ቦይ አገኘን። የቦዩ ግድብ ሜዳ ነው፤ ለአንድ ብስክሌት ይበቃል። በግራ የፓፓያ ዛፎች፣ በቀኝ ውሃው። ብሩክ ከፊቴ ሆኖ «ፈረንሳይ ደረስን!» ብሎ ጮኸ። እውነትም የጎማችን ድምፅ እንኳ ይሰማ ነበር።

«ውረዱ! ውረዱ!» አለ ከፊት ለፊት የመጣ ድምፅ።

አካፋ የያዙ ሽማግሌ መንገዱን ዘግተው ቆመዋል። ሼህ ይማም ይባላሉ፤ የአካባቢው የውሃ አባት ናቸው። ውሃው ዛሬ ለማን፣ ነገ ለማን እንደሚለቀቅ የሚዳኙት እሳቸው ናቸው።

«አሰላሙ አለይኩም አባባ» አልኳቸው።

«ወአለይኩም ሰላም። ከዚህ እስከዚያች ዛፍ ግድቡ ትናንት የተለሰነ ነው። ጎማችሁ ከነካው ተንዶ ውሃው ሜዳ ላይ ይቀራል። ተሸከሙት።»

ተሸከምን። ከኋላችን እየተከተሉ «ብስክሌት ሰው ይሸከማል ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ለካ ሰው ነው የሚሸከመው!» ይላሉ። ዛፏ ጋ ስናወርድ «ደግሞስ አስፋልቱ ምን አላችሁና ነው እዚህ የምትንከራተቱት?» ብለው ጠየቁን።

«መኪና የማይገባበት መንገድ ፈልገን ነው» አልኳቸው።

አካፋቸውን ተደግፈው ሳቁ። «ያ አላህ! እኛ መኪና የሚገባበት መንገድ ስጡን እያልን ስንት ዘመን አቤት ብለናል። እናንተ የማይገባበትን ፍለጋ ከደሴ መጣችሁ? ኑ እንለዋወጥ!»

እኛም ሳቅን። መርቀው ሸኙን።

ቃሬዛው

ከቀትር በኋላ የግራር እሾህ የብሩክን የኋላ ጎማ ወጋው። ለጠፍነው፤ ብዙም ሳንርቅ ደግሞ ሌላ እሾህ። የያዝነው መለጠፊያ አልቆ ነበርና ብሩክ እየገፋ፣ እኔም አብሬው በእግሬ ቀጠልን። መንገዱን በቪዲዮ ስቀርፅ የዋልኩበት ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ጠፍቷል።

አንድ ሸለቆ ስንወርድ ከላይ ከመንደሩ ሰዎች በሩጫ ሲመጡ አየን። አራት ወንዶች ቃሬዛ ተሸክመዋል፤ ቃሬዛው ላይ በነጠላ የተሸፈነች ሴት አለች፤ ከኋላ ሴቶች ይከተላሉ። በእኛ አገር ቃሬዛ ያገኘ መንገደኛ ዝም ብሎ አያልፍም፤ የያዘውን አስቀምጦ ከተሸካሚዎቹ አንዱን ይተካል። ብስክሌቶቻችንን ጥለን ገባን። እኔ የተካሁት ሙሄ የሚባለውን፣ የሴትዮዋን ባል ነበር። አለቀቀም፤ ከጎኔ እየሮጠ የቃሬዛውን ጫፍ ይዞ ቀረ።

«ከትናንት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት» አለኝ። «አዋላጇ አቃተኝ አለች።»

«አምቡላንስ አልተጠራም?»

«በምን? እዚህ ኔትወርክ የለም። ቢመጣስ በየት ይገባል?»

የመንደሩ ቅሬ፣ ማለትም የዕድሩ፣ ጥሪ ደርሷቸው ሼህ ይማምም እያለከለኩ ደረሱ። ቅሬ ሲጠራ፣ ለሞትም ይሁን ለሕመም፣ ሥራ ላይ የሚቀር የለም። አንድ ጊዜ ሴትዮዋን፣ አንድ ጊዜ ሰማዩን አዩና ወደ እኛ ዞሩ።

«ከሁለታችሁ ጎማው የሚሠራው የማን ነው?»

«የእሱ» አለ ብሩክ።

«በዚች አቋራጭ ወደ አስፋልቱ ውጣ። ከዚያ ሐርቡ ጤና ጣቢያ ድረስ ንዳ። አምቡላንሱ አስፋልት ዳር ይጠብቀን።»

ብሩክ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እናትህስ?» አለኝ። ምንም ሳላስብ ሄድኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አሰብኩ። የእናቴ ፊት ታየኝ፤ ብስክሌቱ ከግቢያችን ሲወጣ ታየኝ። ከነጠላው ሥር ሴትዮዋ «ወይ እናቴ!» አለች። ብስክሌቱን አነሳሁ።

አስፋልቱ

መኪና ለማስቆም ደጋግሜ እጄን ዘረጋሁ፤ ላቡ ከሚንጠባጠብ ልጅ አጠገብ ማን ይቆማል? ብስክሌቴ ላይ ወጣሁና ነዳሁ። ተሳቢ በጎኔ ባለፈ ቁጥር ነፋሱ ወደ ጠርዙ ይገፋኛል። መሪውን አጥብቄ ያዝኩ እንጂ አልፈራሁም። ይህን ስል ለመመጻደቅ አይደለም፤ ለመፍራት ጊዜ አልነበረኝም።

ጤና ጣቢያው በር ላይ አምቡላንሱ ቆሞ ነበር። ሾፌሩ ንግግሬን እንኳ አላስጨረሰኝም፤ «ግባ፣ ቦታውን አሳየኝ!» አለ። አስፋልቱ ዳር ስንደርስ ቃሬዛው ከአቋራጩ ብቅ አለ። ከፊት ተሸክሞ የነበረው ብሩክ ነው፤ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተቀዷል፤ ብስክሌቱን አንድ የመንደሩ ልጅ ከኋላ ይገፋለታል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሴት ልጅ ተወለደች። እናቲቱም ደህና ሆነች። ሼህ ይማም «ብስክሌት ብለን እንጥራት እንዴ?» ቢሉ ሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ መቷቸው።

እናቴ ደውላ ስምምነታችንን የነገረቻት አክስቴ ዘሀራ በሯ ላይ ጠበቀችን። «አስፋልቱን ነዳህበት?» አለችኝ።

«ነዳሁበት።»

«እኔ ምንም አላየሁ፣ ምንም አልሰማሁ። እንቁላል ልጥበስላችሁ?»

ቧንቧ ውሃ

በማግሥቱ ደሴ ገብቼ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማች።

«ልጅቷስ?»

«ደህና ናት። እናትየዋም።»

«አልሐምዱሊላህ።» ከዚያ «ብስክሌቱ ግን ይሸጣል» አለች። «ወላሂ ብያለሁ።»

እናቴ በወላሂ አትጫወትም። አልተከራከርኩም፤ ሌሊቱን ሳሰላስል ያደርኩትን ብቻ ነገርኳት። «ገዢ አግኝቻለሁ። የዚያ መንደር ቅሬ ይግዛው። ለሌላ ጊዜ መልእክተኛ የሚሄድበት አላቸው ማለት ነው። ግን ገንዘብ ያላቸው አይመስለኝም።»

«መሸጥ አልኩ እንጂ በብር አላልኩም። ምን ያመርታሉ?»

«ሽንኩርት።»

«እንግዲያው በሽንኩርት ይግዙት።»

ስለዚህ በሳምንቱ ከብሩክ ጋር በቦዩ ዳር ተመለስኩ። በዚህ ጊዜ አንድም ጎማ ሳይፈነዳ፣ አስፋልት ሳንረግጥ ደረስን። ቅሬው ዋርካው ሥር ተሰብስቦ ነበር። አንዲት ትንሽ ጆንያ ሽንኩርት ተመዘነልኝ፤ ብስክሌቱም የቅሬው ቃሬዛ በተሰቀለበት ጎጆ ውስጥ ከድንኳኑና ከድስቶቹ ጋር ንብረት ሆነ። ማን ቀድሞ ይማር በሚለው ብዙ ተጨቃጨቁ። ሙሄ «ልጄ ያመጣችው ነው!» ብሎ ረታቸው። ወጣ፣ ጥቂት ነዳ፣ ቦዩ ውስጥ ገባ።

«ውጣ!» ጮኹ ሼህ ይማም። «ውሃው ዛሬ የአንተ ተራ አይደለም!»

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው። እኔ ሰላም ብዬ የምጠራው መንገድ ላይ ሌላው ሰው ትንፋሹን ይዞ ይሮጥበታል። ቦርከና ዳር ለብስክሌት የሚሆን መንገድ አለ፤ ያማረ ነው፤ ሂዱና እዩት። ስትሄዱ ግን እዚያ ለሚኖሩት ምን እንደጎደለ ጠይቁ። ሙሄ ሦስተኛ ሙከራው ላይ ሳይወድቅ እስከ ዛፏ ነዳ፤ እኔም ሽንኩርቴን ተሸክሜ ከብሩክ ጎን በእግሬ ወደ ሐርቡ ወረድኩ። ቀኑ እሑድ፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር።