ሁለተኛዋን ልጅ ፍለጋ ወደ መካነ ሰላም

ደሴ፣ ቅዳሜ ንጋት

የመናኸሪያው በር ገና አልተከፈተም። ከበሩ ፊት ጆንያ፣ ጀሪካን፣ የተጠቀለለ ፍራሽ፣ አንድ የታሰረ በግና ጋቢ የተከናነበ ሰው ሁሉ ተሰልፏል። እኔ በአንድ እጄ ስንቅ፣ በሌላው ልጄን ቤዛን ይዤ ቆሜአለሁ። ቤዛ ሰባት ዓመቷ ነው። አትናገርም፤ ትስቃለች። ስትራመድ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ አንስታ እየተወላገደች ነው። ውሃ ካየች ትገባበታለች፤ ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ከሰማች ባለቤቱ ማንም ይሁን ትቀማለች። በሩ እስኪከፈት የሦስት ሰው ቁርስ ቀማች። ሦስቱም አልተቆጡም፤ ቀምታ ስትስቅ አብሮ አለመሳቅ ያስቸግራል።

እኔ ይመር እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከብዙ ምልልስ በኋላ አዲስ አበባ ያለ አንድ ሐኪም፣ ሰውነታችን የሚሠራበት መመሪያ ክሮሞዞም በሚባሉ ነገሮች ላይ እንደሚገኝ፣ ቤዛ ደግሞ ከአስራ አምስተኛው ላይ ትንሽ ቁራጭ እንደጎደላት ነገረኝ። የማን ጥፋት እንደሆነ ጠየቅሁት። "የማንም። እንዲያው የሚሆን ነው" አለኝ። እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ሌላ ሰው ያውቁ እንደሆነ ስጠይቀው ግን "እኔ ያየሁት የእርስዎን ብቻ ነው" አለ።

እንዲህ ዓይነት ልጆች ያሉን ወላጆች የምንደጋገፍበት ማኅበር ላቋቁም ብዬ አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። ሚሊኒየሙ ካለፈ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ ዘመኑ የመደራጀት ነው። ድንጋይ ጠራቢው ተደራጅቷል፣ ዶሮ አርቢው ተደራጅቷል። ጸሐፊው በትህትና አዳመጠኝና "አስር ሁኑና ኑ" አለ።

"አስር ከየት ይመጣል? እኔ ገና ሁለተኛውን እየፈለግሁ ነው።"

"እሱን ሲያገኙ ስምንት ብቻ ይቀርዎታል" አለና ሻይ ጋበዘኝ።

ባለፈው ወር አንዲት የመካነ ሰላም ሴት ሱቄ ቀሚስ ስትለካ፣ ቤዛ ሜትሬን ነጥቃ ስትሮጥ አየቻት። "ይቺን ልጅ እኛ ሰፈር አውቃታለሁ" አለች። ሊሆን እንደማይችል ነገርኳት። "እሷን ማለቴ አይደለም፤ መሳይዋን። ዘይነባ የምትባል ከጂዳ የተመለሰች ጎረቤት አለችኝ፤ የሷ ልጅ ናት። ሳቃቸው አንድ ነው። ግን አያቷ ለሰው አያሳዩዋትም።"

ሚስቴ አስናቀች ይህን በሰማች ማግስት ስንቅ ማዘጋጀት ጀመረች። አራስ ስለሆነች መምጣት አልቻለችም። ስለዚህ እኔና ቤዛ ብቻችንን ይኸው በሩ ተከፍቶ እየተጋፋን እንገባለን።

ጉጉፍቱ፣ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት

ጭጋግ። መንገዱ ኮረት ነው፤ ቅጥቅጥ አውቶብሳችን እያንዳንዷን ጠጠር ለየብቻ ታሳውቀናለች። የተቀመጥነው ከሾፌሩ ኋላ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ ስለ ቤዛ ሐሳብ አለው። አንዲት እናት ጠበል መከሩኝ፤ ራቅ ብለው የተቀመጡ ሌላ እናት ጥቁር አዝሙድ በማር አሉ፤ አንድ ወጣት ውጭ አገር ውሰዳት አለ። ቤዛ ይህን ጊዜ ከጎኗ የተቀመጡትን ሽማግሌ ጢም ይዛ ታሻሻለች።

"ተዋት ልጄ" አሉኝ ሽማግሌው፣ ላስለቅቃት ስታገል። "ከደሴ ስንነሳ እዚህ መኪና ውስጥ የሳቀ ሰው አልነበረም።"

ሾፌሩ በመስታወቱ አየን። "ምን ሆና ነው?"

"ከክሮሞዞሟ ትንሽ ጎድሏል።"

አንድ ሁለት ኩርባ ዞረ። "መለዋወጫ አይመጣም?"

"አይመጣም።"

"የዚህም መኪና እንዲሁ ነው" አለ፤ ማርሽ ለመቀየር በሁለት እጁ እየታገለ። "ግን ይሄዳል።"

ከሐኪሙ ቀጥሎ ካናገሩኝ ሰዎች ሁሉ የተሻለ የገባው እሱ ይመስለኛል።

አቀስታ፣ እኩለ ቀን ሲቃረብ

ለምሳ ወረድን። ሽሮ በተሸራረፈች የብረት ድስት መጣልን፤ ቃሪያው ይለበልባል፣ እንጀራው ከብርዱ የተነሳ ጠንከር ብሏል። ለመክፈል ኪሴን ስፈትሽ ቤዛ የለችም። ያገኘኋት የእጅ መታጠቢያው በርሜል ሥር ነው፤ ቧንቧውን ከፍታ ከነጫማዋ ተቀምጣበታለች። የሆቴሏ ባለቤት ከኩሽና ወጥታ ለረጅም ጊዜ አየቻት።

"ምን ታደርጋለች?"

"ውሃ ትወዳለች።"

"እሱንማ አየሁት" አለችና የራሷን ሻርፕ አውልቃ ታደርቃት ጀመር። ሾፌሩ ጡሩምባውን ይነፋል። እኔ ቅያሪ ልብስ እየፈለግሁ ነው። ልብስ ሰፊ መሆን ለዚህ ይጠቅማል፤ ለአንድ ቀን መንገድ አራት ቀሚስ ይዤ ወጥቻለሁ።

መካነ ሰላም፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል

ባሕር ዛፍ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ በመካከሉ ከዐረብ አገር በተላከ ገንዘብ የተሠሩ፣ መስታወታቸው ሰማይ የሚያሳይ አዳዲስ ቤቶች። ደንበኛዬ በነገረችኝ መሠረት ከመስጊዱ ጀርባ ያለውን ሰማያዊ የቆርቆሮ በር አገኘሁትና አንኳኳሁ።

"ማነው?" አሉ፣ የአሮጊት ድምፅ ነው።

"እንግዳ ነኝ፤ ከደሴ። ዘይነባን ፈልጌ ነው።"

"አፊያ ነህ? እንኳን ደህና መጣህ። ነገ ና።"

"እማማ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ተጉዘን ነው የመጣነው።"

"ዛሬ አስራ አምስት ነው። በአስራ አምስት በር አንከፍትም።"

ዞር ስል ከሶላት የሚመለሱ አንድ ሼህ ቆመው ይመለከቱናል። ሼህ ሙሄ ይባላሉ። ለምን እንደመጣሁ ስነግራቸው ጥምጣማቸውን አስተካከሉና "ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ። ነገሩ እንዲህ ነበር። ዘይነባና ባሏ ጂዳ ሳሉ ልጃቸው ሀያት ተወለደች፤ እዚያው ተመርምራ በዐረብኛ የተጻፈ ወረቀት ተሰጣቸው። ባልየው ለሥራ ቀረ፤ ዘይነባ ልጇን ይዛ አማቷ ዘንድ ገባች። አማቷ እማማ ከድጃ ወረቀቱን ለሼህ ሙሄ አስነበቡ።

"እኔ የማውቀው የኪታብ ዐረብኛ ነው፤ ያ ደግሞ የሐኪም ቤት ነው። የገባኝ 'አስራ አምስት' የሚል ቁጥርና 'ጎድሏል' የሚል ቃል ነው። ያንኑ ነገርኳቸው። እሳቸው ልጅቷ በየወሩ በአስራ አምስተኛው ቀን ጉዳት ይደርስባታል ማለት ነው ብለው ያዙት።"

"በኛ አቆጣጠር ነው በሂጅራ?"

"እሱን አላወቁም። ስለዚህ ሁለቱንም ይይዛሉ።"

የራሴን ወረቀት ከኪሴ አወጣሁ። ሼህ ሙሄ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተመለከቱና በሩን በእጃቸው መዳፍ መታ መታ አደረጉ። "ከድጃ፣ የዚህም ሰው ወረቀት አስራ አምስት ይላል።"

ከዚያ መቀርቀሪያው ተንሸራተተ፣ በሩ የመጽሐፍ ውፍረት ያህል ተከፈተ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ ሴት ናቸው። ወረቀቱን አዩ፣ ቤዛን አዩ፣ እኔን አዩ።

"አንተ ጂዳ ነበርክ?"

"አልነበርኩም።"

"ሚስትህስ?"

"ከኮምቦልቻ አልፋ አታውቅም።"

"ታዲያ ከየት አመጣችሁት?"

"ከየትም አላመጣነውም፣ እማማ። ሐኪሙ እንዲያው የሚሆን ነው ብሎናል። የእናትም የአባትም ጥፋት የለበትም።"

እማማ ከድጃ ቀስ ብለው ወደ ኋላቸው ዞሩ። ግቢው መሀል አንዲት ወጣት ሴት ጆግ ይዛ ቆማለች። ዘይነባ ነበረች። በኋላ እንደነገረችኝ፣ ከተመለሰች ጀምሮ የሰው አገር ሄደሽ ያመጣሽው ነው ስትባል ኖራለች። አሁን አማቷን ብቻ ታያለች፤ አማቷ መሬት መሬት ያያሉ።

ዘይነባ አጠገብ ትልቅ ሳፋ ውሃ ሞልቶ ተቀምጧል፤ ሳፋው ውስጥ አምስት ዓመት የሚሆናት ልጅ እጆቿን ወደ ላይ አንስታ ትስቃለች። ቤዛ በእማማ ከድጃ ክንድ ሥር ሾልካ እየተወላገደች ሄደችና ከነልብሷ ገባች። ውሃው ግማሹ ወጣ። ሁለቱ ልጆች ተያዩ፤ ከዚያ በአንድ ዓይነት ሳቅ ሳቁ። ያን ሳቅ ከቤዛ ሌላ ከማንም ሰምቼው አላውቅም ነበር። ዓይኔን ጠረግሁ፤ ሼህ ሙሄ ሲያዩኝ ውሃ ተረጨብኝ አልኩ። ሳፋው በጣም ሩቅ ነበር።

ዘይነባ የመጀመሪያ ጥያቄዋን ያቀረበችው ያን ጊዜ ነው። "ማታ ትተኛለች?"

"አትተኛም።"

"የኔም አትተኛም።" የቤቱ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። "ወላሂ፣ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።"

እዚያው፣ አመሻሹ ላይ

ስልክ የሚሠራው ከመስጊዱ ጀርባ ባለች ድንጋይ ላይ ተወጥቶ ነው። ዘይነባን ከአስናቀች ጋር አገናኘኋት። ድንጋዩ ላይ በእግር ጣቷ ቆማ የምትለውን እሰማለሁ። "አዎ... ፌስታል? የኔማ ማሸጊያ ፕላስተር ሳይቀር... አዎ... መሬት ላይ ፍራሽ ብቻ፣ አልጋ ተዪው... አንቺም?" የኔ ካርድ አለቀ። ሼህ ሙሄ ስልካቸውን አቀበሏት። የሳቸውም ሊያልቅ ሲል፣ ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩ ሁለት ሰዎች ነገ እንደውላለን ብለው ሄዱ።

እማማ ከድጃ እኔን ለብቻ ያዙኝ። "ይድናሉ?"

መዋሸት አልፈለግሁም። "የጎደለው አይሞላም። ግን ይማራሉ። ቤዛ እግር የተከለችው በስድስት ዓመቷ ነው።"

"ይህቺም ትሄዳለች?"

"ብዙዎቹ ይሄዳሉ ተብያለሁ። ግን መለማመድ አለባት። ግቢ ተዘግቶባት አይሆንም።"

እሁድ ጠዋት

ከጎረቤት የልብስ ስፌት መኪና ተዋስኩ። እማማ ከድጃ ከሳጥናቸው የማይበጠስ አሮጌ መቀነት አወጡ፤ እሱን አጣጥፌ በሀያት ብብት ሥር የሚያልፍ፣ ከኋላ ሁለት መያዣ ያለው ማንገቻ ሰፋሁላት። ከአስናቀች ጋር ለቤዛ የሠራነው ዓይነት ነው። መያዣውን ማን ይያዝ በሚል ትንሽ ክርክር ሆነ። እማማ ከድጃ አሸነፉ።

ሀያት ተንጠላጠለች፣ ተንገዳገደች፣ አንድ እግር አነሳች። ቤዛ ፊት ፊቷ ፌስታል እያንኮሻኮሸች ወደ ኋላ ትሄዳለች፤ ይህን ማን እንዳስተማራት አላውቅም። አራት እርምጃ። ከዚያ ስድስት። በሩ ጋ ሲደርሱ ሁላችንም ቆምን። እማማ ከድጃ በሩን በትከሻቸው ገፍተው ወጡ።

መናኸሪያ ድረስ ሸኙን፤ ግማሹን መንገድ በማንገቻ፣ ግማሹን በጀርባ። ገበያ የሚወጣው ሰው ሁሉ ያያል። አንዲት ወይዘሮ መጥተው ሰላምታ ሰጡና "ይቺ ደግሞ የማን ናት? ምን ሆና ነው?" ብለው ጠየቁ።

"የልጅ ልጄ ናት" አሉ እማማ ከድጃ። "ክሮሞዞም ነው። ሰው አያመጣውም።" ጥቂት አሰቡና ጨመሩ፦ "ደሴም አለ።"

ዘይነባ ፊቷን ወደ መኪናው አዞረች። የአውቶብሱን ጎን የቀባውን ጭቃ ለረጅም ጊዜ ስትመለከት ቆየች።

ደሴ፣ እሁድ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል

ቤት ስገባ አስናቀች ሕፃኑን ታጠባለች። ቤዛን አቅፋ ሳመቻት። እኔ ውሃ እንኳን ሳልጠጣ መተረክ ጀመርኩ፤ በሩ ተዘግቶ እንደነበር፣ ሼሁ ስላነበቡት ወረቀት።

"ሁለቱንም አቆጣጠር ነው የሚይዙት" አለች።

ስለ ሳፋው ጀመርኩ። "ጫማዋንም ሳታወልቅ" አለች። ስለ ማንገቻው ልነግራት ስል፣ ጠዋት ከመናኸሪያ መልስ ሀያት አስራ አንድ እርምጃ መራመዷን ዘይነባ ደውላ እንዳጫወተቻት ነገረችኝ። እሱን እኔም አልሰማሁም ነበር።

ዘይነባ ለሁለት ሳምንት ልትመጣ ነው፤ ፍራሽ መሬት ላይ ይነጠፋል፤ አልጋው ወደ ሱቅ ይሄዳል፤ ሁሉም ነገር ተወስኗል። እነዚህን ሁሉ ዓመታት ሐኪም ያለውን፣ ቢሮ ያለውን ተሸክሜ መጥቼ የምነግራት እኔ ነበርኩ። የዚያን ቀን ጫማዬን አወለቅሁ፣ ቁጭ አልኩ፣ እሷ ነገረችኝ።