ከደሴ የመጣው ቀይ ዱቄት

ባለፈው ሳምንት ክሪስታል የሚባለው ከተማ ካለ የሐበሻ ሱቅ ገብቼ አንድ ፓኮ ሙሸበክ አነሣሁና ክዳኑን ከፈት ሳደርገው የሄሉ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ጀርባው ላይ የገባበት ነገር ሁሉ እስከ ቀለሙ ቁጥር ድረስ ተዘርዝሯል፤ እኔም መነጽሬን አድርጌ፣ መንገድ ዘግቼ፣ ከሩቅ ዘመድ እንደመጣ ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ እዚያው አጠገብ ብሩክሊን ሴንተር ከተማ ስንኖር፣ የደሴ ልጅ የሆነችው እናቴ በረመዳን ወር ጋሽ ሰይድ ሱቅ ጓዳ ባለው ኩሽና ሙሸበክ ትጠብስ ነበር። ታቹ በተበሳ ጣሳ ሊጡን የፈላው ዘይት ላይ እያዞረች ትጥለውና የቀለጠው ስኳር ውስጥ ነክራ ስታወጣው ፍም ይመስላል። ቁርአን ቤት የምንማር ልጆች ማን የበለጠ እንደቀላ ለመለየት ምላሳችንን አውጥተን እንተያይ ነበር፤ ኡስታዛችን አንድ ቀን ሁላችንም በአንድ በሽታ የተያዝን መስሏቸው ክፉኛ ደንግጠዋል። ከጎረቤቱ ከተማ ከሮቢንስዴል በዚያ በረዶ እየነዱ የሚመጡ ደንበኞች ነበሩ። እናቴ እንግሊዝኛ ሳይኖራት በዚያ ከተማ ስሟ የታወቀው በዚህ ሙሸበክ ነው።

ቀለሙ ከደሴ በሰው ሻንጣ የሚመጣ፣ በፌስታል የተቋጠረ ዱቄት ነበር። ልጃገረድ ሳለች የመሶብና የሰፌድ አለላ ያቀለመችበት ያው ዱቄት ነው፤ ከእሱ አንድ ቁንጥር ግማሽ ባልዲ ሊጥ ያቀላል። ስንት ዓመት ስፌት ላይ ያልለቀቀ ቀለም ለምግብማ እንዴት ያንሳል እያለች፣ ጥራቱን የምትመሰክረው እንዲያውም በዚሁ ነበር።

ለዒድ ሁለት ቀን ሲቀር የከተማው የምግብ ተቆጣጣሪ መጣች፤ ቦቲዋ ላይ ያለውን በረዶ በር ላይ አራግፋ የገባች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ፌስታሉን አንሥታ ሌብሉ የታለ ብላ ጠየቀች። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ፣ የአሥር ዓመት ልጅ። ጋሽ ሰይድ ቶሎ ብለው በአማርኛ፣ እዚሁ ከግሮሰሪ የገዛነው ፉድ ከለር ነው፣ ጠርሙሱ ተሰብሮብን ገለበጥነው በያት አሉኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ልዋሽላቸው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ለዒድ የተደረደረው ያ ሁሉ የሙሸበክ ካርቶን ዓይኔ ላይ ነው። እናቴ እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች።

«ስፌት የምናቀልምበት ነው በያት። ጾመኛ ነኝ፣ አልዋሽም።»

እንዳለችው አልኩ። ሴትዮዋ ለአፍታ መጻፏን አቁማ እናቴን አየቻት። ከዚያ ከዱቄቱ ለምርመራ ጥቂት ወስዳ የቀረው ከተጠበሰው ሙሸበክ ጋር እንዲጣል አዘዘች። ያን ሁሉ ሙሸበክ ጓሮ ካለው የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ገለበጥነው፤ ማንም አንሥቶ እንዳይበላውም በረኪና አስፈሰሰችበት። እኔ አለቀስኩ፣ ጋሽ ሰይድ ሳምንት ሙሉ አኮረፉን፣ እናቴ ግን ከጾሟ ምንም እንዳልጎደለባት እያሰበች ይመስለኛል፣ ፊቷ እንደወትሮው ነበር።

ፊቷ የተለወጠው ከዒድ በኋላ የምርመራው ውጤት ሲመጣ ነው። ወረቀቱን አንብቤ፣ ዱቄቱ የጨርቅ ማቅለሚያ መሆኑንና ዘወትር የበላውን ሰው ሊጎዳ እንደሚችል ስነግራት ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እናንተንም እኮ በዚሁ እጄ ነው ያጎረስኳችሁ» አለች።

ማናችንም አልታመምንም። የወሰደችን ሐኪምም ሦስታችንንም ልጆቿን አይቶ ደህና ናቸው ብሏታል። ሙሸበክ መሥራቷንም አልተወችም፤ ቀለም የሌለውን፣ ገርጣ ያለውን እየጠበሰች ሸጠች፣ ሰዉም ቀዩ ይሻል ነበር እያለ በላ። ካደግን በኋላም፣ ልጆች ከወለድን በኋላም፣ ገበታ ላይ እማ አጉርሺን ብለን አፋችንን ስንከፍት ሳህኑን ወደ እኛ ገፋ ታደርግና እናንተው ብሉ ትለን ነበር። እኛ እጇን ጠርጥረን አናውቅም። ያቺን ወረቀት ካነበብኩላት ቀን ጀምሮ እስከሞተችበት ቀን ድረስ ግን ከእናቴ እጅ አንድም ጉርሻ አልጎረስኩም።