አራተኛዋ ምት

ኔሊዳ እዚህ ሊማ ውስጥ ሙዚቃ ቤቷን የከፈተችው በእናቷ ሳሎን ነው። ስሙን ከግቢው በር ወስደን «ቆርቆሮ» አልነው። የኛን የፓንክ ጩኸት የሚያሳትም ሲጠፋ፣ በሁለት ቴፕ እያባዛች፣ ሽፋኑን በመቀስ እየቆረጠች፣ ጀርባው ላይ የቤቷን አድራሻ እየጻፈች ትሸጠው ጀመር። እኔ ቤዝ ጊታር እጫወት ነበር፤ ተጫወትኩ ከተባለ።

ድራም የሚመታው ኤልመር ነበር። ትወደው ነበር፤ ዛሬም ትወደዋለች፣ ምን ላድርጋት! የመጀመሪያው ካሴታችን በአምስት የድራም ምት ይጀምራል። ኤልመር በልምምድ ላይ አራተኛዋን ሁሌ ይዘላታል፤ ስንቀረጽ ግን አስደጋግመን አስተካከልነው። ከዚያ ወዲህ አድራሻውን አይቶ የሚመጣ ወጠጤ ሁሉ በሩን በዚያው ምት ያንኳኳል፣ አምስቱንም ሳያጎድል። እኔም የማንኳኳው እንደዚያው ነው። ኔሊዳ ማንም ይሁን ማን ሮጣ ትከፍታለች፤ ዳቦ በአቮካዶም ታበላለች።

ኤልመር «እናቴን አይቼ መጣሁ» ብሎ አሬኪፓ ከተማ ሄደ፤ ሄዶ ቀረ። ካሴት የሚገዛም ጠፋ፣ እኛም ሸበትን። እሷ ግን ከዚያ ቤት ንቅንቅ አልልም አለች።

ባለፈው እሁድ እዚያው ተቀምጬ ሳለ ታናሽ እህቷ ቪልማ ገዢ አግኝታ መጣች።

«እህቴ፣ ጣሪያው ሳይወድቅብሽ እንሽጠው።»

«አድራሻው ካሴቱ ላይ አለ።»

«ካሴቱን ማን ይሰማዋል? አይጥ?»

«ኤልመር ከዚህ ሌላ አድራሻ አያውቅልኝም።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ መንገዱ ጠፍቶት ነው?»

እኔም ይህንኑ ማለት እያማረኝ ስንት ዓመት ውጬዋለሁ።

በሩ ተንኳኳ። ሦስት ምት፣ ዝም፣ ከዚያ አንድ። ኔሊዳ አንድ እግር ጫማዋን ብቻ አጥልቃ ሮጠች።

ጸጉሯን አረንጓዴ የተቀባች ወጣት ቆማለች።

«እንዲህ ማንኳኳት ማን አስተማረሽ?» አለቻት ኔሊዳ።

«ማንም! አባቴ ራት ላይ ጠረጴዛውን እንዲህ ይደበድባል፤ እናቴ ትቆጣዋለች። ካሴታችሁን ከዕቃው መሃል አገኘሁትና መጣሁ።»

«እሱስ?»

«አብረን እንሂድ ብዬው ነበር፤ አድራሻውንም ላነብለት ስል ‹ተይው፣ በቃሌ አውቀዋለሁ› ብሎ ወደ ሥራው ሄደ።»

ኔሊዳ ልጅቷን አስገብታ አበላቻት፣ በቀልዷም ሳቀች። ስትሸኛት ቆይታ ተመለሰችና እህቷን «ሽጪው» አለቻት።

በማግስቱ ሄጄ አንኳኳሁ፤ አምስቱንም፣ እንደ ወትሮዬ።

«ክፍት ነው» አለች፣ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ።