ሁለት እጅ ያዞረው ፎርኖ

ነገሩ ያስከፈለኝን በመጀመሪያ ልናገር፦ አንድ ድንኳን ሰው የሚያጠግብ ዳቦ፣ የእድራችን ትእዛዝና ከሚስቴ ጋር ረዘም ያለ ኩርፊያ።

ጦር ኃይሎች ሰፈር ያገለገለ ዕቃ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ኮልፌ ላይ ዳቦ ቤት የከፈትነው ሚስቴ ጋጋሪ ስለሆነች ነው፤ መጋገሪያ ምድጃውን፣ ፎርኖውን፣ የመረጥኩት ግን እኔ ነኝ። የሚነደው በሰጋቱራ ነው። አናጢዎቹ ሰጋቱራውን «ውሰድልን» እያሉ ነው የሚሰጡኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ማለፍ አልችልም።

ከፎርኖው ጎን አንድ ትንሽ ሞተር አለ። እንደ ቪቴ ምስማር የተጠማዘዘ ብረት እያዞረ ሰጋቱራውን ወደ እሳቱ ይገፋል። ጥቂት ሰከንድ ሠርቶ ያርፋል፣ ደግሞ ይነሳል። የምታዘው አንዲት ሳጥን ነች፤ ሁለት ማዞሪያ አላት። የግራው ምን ያህል እንደሚሠራ፣ የቀኙ ምን ያህል እንደሚያርፍ ይወስናል። ዕረፍቱ ከረዘመ እሳቱ ይራባል፤ ሥራው ከረዘመ ሰጋቱራው ተከምሮ ያፍነዋል።

የገጠመልን የአየር ጤና ሰፈር ኤሌክትሪሺያን አስተካክሎ ሲጨርስ፣ «ጋሼ፣ ከነኩት በኋላ ቁጭ ይበሉ። እሳት መልስ የሚሰጠው ዘግይቶ ነው» አለኝ።

ቁጭ ማለት አልተፈጠረልኝም። ገበያ ያሳደገው ሰው ዋጋ ጠርቶ ዝም ካለ ተበላ ማለት ነው። ሞተሩ ዝም ሲል፣ አሁን ይነሳል፣ አሁን ይነሳል እያልኩ ከባንኮው ጀርባ እመላለሳለሁ። ሲነሳ ደግሞ ሰጋቱራዬን በላው ብዬ እበሳጫለሁ። ስለዚህ ባለፍኩ ቁጥር የቀኙን ትንሽ እጨምራለሁ፤ ይረፍ። ሚስቴ ደግሞ ባለፈች ቁጥር፣ እሳቱ ደከመ ብላ የግራውን ትጨምራለች። አንዳችን ለሌላችን አልተናገርንም።

ሰፈር ውስጥ ሰው ሞተ። የእድራችን ሊቀመንበር፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ብቅ ብለው፣ «ለነገ ከሰዓት ለድንኳኑ ዳቦ አድርሱ። ይሄ ካማረ፣ ከእንግዲህ የእድሩ ዳቦ ከእናንተ ነው» አሉን። ሞት አልተመኘሁም፤ ግን ሰፈሩ ትልቅ ነው።

በማግስቱ ፎርኖው ታመመ። ሰጋቱራ ክምር አድርጎ ይጥላል፣ ይታፈናል፣ ይጨሳል፣ ከዚያ ቦግ ብሎ ይጋረፋል፣ ከዚያ ምንም። እኔ አዞራለሁ፤ ዞር ስል እሷ ታዞራለች።

«ነክተኸዋል?» አለች በመጨረሻ፣ ዓይኗ በጭስ ቀልቶ።

«የቀኙን ብቻ።»

«እኔም የግራውን ብቻ።»

ሳጥኗን አየን። ሁለቱም ማዞሪያዎች እስከ ጥግ ሄደዋል።

ሌላ ለመጋገር ጊዜ አልነበረም፤ ያለውን ጭነን ወሰድን። ሊቀመንበሩ አንዱን ቆረሱ። ውጪው ከሰል፣ ውስጡ ሊጥ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ዛሬ አንድ ቀብረናል። ሁለተኛ አትጨምርብን።»

ዳቦው ከማዶ ካለው ዳቦ ቤት መጣ። ለቀስተኛ ነኝና ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ በላሁት። ለስላሳ ነበር።

ማን ቀድሞ ነካው በሚል ከሚስቴ ጋር እንደተኮራረፍን፣ ኤሌክትሪሺያኑ ተመልሶ መጥቶ ማዞሪያዎቹን ወደ ቦታቸው መለሰ፤ ሳጥኗን በላሜራ ሸፍኖ ጓጉንቸር አደረገባት። ያጠፋነው ሁለታችን፣ ቁልፉ ግን አንድ ነው። ሞተሩ ዝም ባለ ቁጥር አሁንም ከወንበሬ እነሳለሁ፤ ላሜራውን ነካ አድርጌ እመለሳለሁ።

የእድሩ ትእዛዝ ማዶ ነው። ፎርኖው ይሠራል። ቁልፉ ሚስቴ ጋ ነው።