ግለ ሂስ ያቃተው ባለቤቴ

ባለቤቴ በረዶ ገብሳችንን አርግፎት ያደረ ዕለት ጠዋት ማሳው ዳር ቆሞ፣ "ገለባው እኮ ተርፏል፣ ከብት ይበላዋል" የሚል ሰው ነበር። ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። ሊጠይቁኝ የሚመጡ ሰዎች ደግነቱን ያነሡልኛል። እኔን የሚናፍቀኝ ግን ያ አናዳጅ ተስፋው ነው። በቀን ጥቂት መስመር ብቻ ስለምጽፍ ይህችን አንዲት ነገር ለመጨረስ ሳምንት ፈጅቶብኛል።

በደርግ ዘመን ዳባት ያስተምር ነበር። በየወሩ ቀበሌ አዳራሽ እንሰበሰባለን፤ በስብሰባው መጨረሻ ግለ ሂስ አለ። ተራው የደረሰ ሰው ተነሥቶ የራሱን ጥፋት ይናገራል። ሰዉ ዘዴውን ስለለመደው ቀለል ያለች ጥፋት ከቤቱ አዘጋጅቶ ይመጣል። ጎረቤታችን አንድ ቀን ስብሰባ ላይ አርፍዶ መድረሱን ተራው በደረሰ ቁጥር ይናዘዝ ነበር።

የባለቤቴ ተራ ሲቃረብ ግን የቀበሌው ካድሬ አስጠርቶ ጥፋቱን ራሱ መረጠለት። እሑድ እሑድ ማስቀደሱ ለአስተማሪ የማይገባ ኋላ ቀር ልማድ መሆኑን በሰው ፊት እንዲናገር፣ ካልሆነ ዳባት እንደማይቆይ ነገረው። ከእሱ በፊት እምቢ ያለ አስተማሪ ወደ ተከዜ በረሃ ተልኮ ነበር። እኔ ደግሞ እናቴ አጠገቤ ናት፤ አርጅታለች፤ ከዳባት መንቀል አልፈልግም።

ስለዚህ የሚለውን በአራት መስመር ጽፌ ሰጠሁት። ለአፍ ያህል ብቻ ነው፣ እግዚአብሔር ልብህን ያውቃል ብዬ ለመንኩት። አነበበው፤ እንደ ተማሪ ደብተር ሁለት ፊደል አርሞ መለሰልኝ።

"ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ ሰውየው ግን እኔ አይደለሁም" አለኝ።

አለቀስኩ። እሱ ግን ምንም እንደማይመጣ፣ ካድሬውም ክፉ ሰው እንዳልሆነ፣ ጫማው ስለሚጠበው ብቻ እንደሚቆጣ ያስረዳኝ ጀመር።

በስብሰባው ቀን ተራው ሲደርስ ተነሣ። ጋቢውን አስተካከለና፣ "ማስቀደሴን ጥፋት ነው በል ተብያለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ጥፋቱን ስፈልግ ሰነበትኩ፣ አላገኘሁትም። ሳገኘው መጥቼ እናገራለሁ" ብሎ ቁጭ አለ።

ካድሬው መጻፉን ትቶ ቀና አለ። እኔ እጄን አወጣሁ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ በእሱ ላይ ሂስ አለኝ። ቤታችን ያፈሳል። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ቆርቆሮው ራሱ ይለምዳል እያለ ባልዲ ያስደቅነኛል።"

መጀመሪያ የሳቁት ሴቶቹ ናቸው። ከኋላዬ አንዲቱ ተነሥታ የባሏን የወደቀ አጥር አነሣች፤ ሌላዋ ቀጠለች፤ ወንዶቹም ራሳቸውን መከላከል ጀመሩ። ሊቀመንበሩ ቃለ ጉባኤው ላይ የሚያሰፍረው ነገር በማግኘቱ ደስ ብሎት፣ መምህሩ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ጣራውን እንዲጠግን ተወሰነ ብሎ ጻፈ። ካድሬው ከንፈሩን ነክሶ ደብተሩን ከደነ። አመለጥን ብዬ ነበር።

ባለቤቴ ጣራውን በአሥራ አራተኛው ቀን ጠገነ፤ አንድ ቀን ቀድሜ ጨረስኩ ብሎ ጎረቤቱን ሁሉ አሰልችቷል። በመስከረም የዝውውር ደብዳቤው መጣ። ከደባርቅ በላይ፣ ወደ ብርዳሙ ቡይት ራስ አቅጣጫ ባለች የገጠር ትምህርት ቤት ተመድቧል። ባልዲ ስደቅንበት የኖርኩት ቤት መድረቅ ሲጀምር ሌላ ሰው ሊገባበት ነው።

"ተከዜ አይደለም እኮ" አለ ደብዳቤውን እያጠፈ። "ብርድ ደግሞ ጥሩ ነው፣ ቁንጫ አይኖርም።"

ቁንጫ ነበረ። ያውም ካፖርት የለበሰ የሚመስል።

እናቴን ለእህቴ አደራ ብዬ እስከ ደባርቅ በአውቶቡስ ሄድን። ከዚያ ዕቃችንን በቅሎ ላይ ጭነን ዳገቱን ያዝነው። እናቴ በር ላይ ቆማ መሸኘቷ ከዓይኔ አልጠፋ ስላለ እስከዚያ ድረስ አላናገርኩትም። መጨረሻ ላይ ግን አልቻልኩም።

"አንዲት ቃል ብትል ምን ነበረበት?" አልኩት።

በቅሎዋን ይዞ ቆመ። የዚያን ጊዜ ብቻ ቀልድ አልጨመረበትም።

"ብዬው ቢሆን ኖሮ፣ አሁን አጠገብሽ ያለው ሰው ማን ይሆን ነበር?"

ገና ያኮረፍኩ እንዲመስለው ፊቴን ወደ ገደሉ አዙሬ ሄድኩ እንጂ ልቤስ እዚያው ዳገት ላይ ታርቆት ነበር። ይህን በሕይወቱ ሳለ ነግሬው አላውቅም። ብነግረው ኖሮ፣ ድሮም አውቀው ነበር ብሎ ሌላ ሠላሳ ዓመት ይኮራብኝ ነበር።