የተበደርኩት ክንድ

የዚያን ቀን ጠዋት የሠራሁትን ቂልነት ከእኔው አፍ ብትሰሙት ይሻላል፤ የክፍል ጓደኞቼ ሲያወሩት ይጨምሩበታል። ደም መቅዳት እየተለማመድን ነበር። ከፊቴ የተቀመጠችው ያገሬ ልጅ ክንዷን ዘርግታልኛለች፤ እኔ ከክርኗ በላይ ላስቲኩን ጥብቅ አድርጌ አስሬ፣ የደም ሥሯን በጣቴ እየዳበስኩ ነው። በዚህ መሃል መምህራችን በሩን ከፍታ ገባች። እኔም ብድግ!

ምን ላድርግ፣ መምህር ሲገባ ካልተነሳህ ጆሮህ ይቆነጠጥ በነበረበት ዘመን የተማረ እግር ነው። መምህሯ ከትልቋ ልጄ ታንሳለች፤ እግሬ ግን ዕድሜ አይጠይቅም። መነሳቱ ሳያንስ ጎንበስ ብዬ ጤናዋን ጠየቅኩ፤ የልጆቿን ደኅንነት አስከተልኩ፤ ከምትኖርበት ከአላሜዳ ስትመጣ መንገዱ ተዘጋግቶ እንደነበርም ሳልጠይቅ አላለፍኩም። ዞር ስል የጓደኛዬ እጅ ቀለሙ ተለውጧል።

«ጋሼ፣» አለችኝ ረጋ ብላ፣ «ሰላምታው ካለቀ እጄን ቢፈቱልኝ?»

መምህሯ ቀድማኝ ደርሳ ፈታችላት። አልተቆጣችም። ላስቲኩ ከደቂቃ በላይ መታሰር እንደሌለበት ነግራኝ፣ ፈተናው ከሰዓት በኋላ መሆኑን አስታወሰችኝና አለፈች። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

የፈተናው ሕግ አጭር ነው። ሁለት ሙከራ ይሰጥሃል። በሁለቱም ከሳትክ ክሊኒክ ገብተህ አትለማመድም፤ ሳትለማመድ ደግሞ ዲግሪ የለም። ትምህርቱ ተመልሶ የሚሰጠው በሚመጣው ዓመት ነው። ሰባን ለሚያንኳኳ ሰው የሚመጣው ዓመት በእጁ ያለ ነገር አይደለም።

ለመሆኑ ዕድሜዬን ሙሉ ታክሲ ነድቼ ስጨርስ ሜዲካል አሲስታንትነት፣ ማለትም የሐኪም ረዳትነት፣ ልማር ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ምን ወሰደኝ? ልጆቼ ጊዜ ማሳለፊያ መስሏቸው ነበር። የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቼ ደግሞ ዲግሪው እንኳ ሳይያዝ «ዶክተር» ብለው ሾመውኝ፣ የሚያማቸውን ጉልበት ይዘው ይከቡኝ ጀመር። እውነተኛውን ምክንያት ለማንም አልተናገርኩም።

ሳን ሆዜ ስንኖር ባለቤቴ ታመመች። ለምርመራ ደም ሳትሰጥ የሚያልፍ ሳምንት አልነበረም። መድኃኒቱ የደም ሥሮቿን ስላደከማቸው መርፌ የያዘ ሁሉ ይቸገርባት ነበር። እሷም አታማርርም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እዚያ አንዲት ሜዲካል አሲስታንት ነበረች። መርፌውን ከማንሳቷ በፊት የባለቤቴን እጅ በሁለት መዳፎቿ መሃል ይዛ እስኪሞቅ ትጠብቃለች። የሚግባቡበት ቋንቋ አልነበራቸውም። ያቺ ልጅ በገባች ቀን ግን ባለቤቴ ፊቷን አታዞርም፤ ዓይኗን ብቻ ትከድናለች። ሐኪሞቹ በዚያ ክፍል የነገሩን ብዙ ነገር ከጭንቅላቴ ወጥቷል። የተከደኑት ዓይኖቿ አልወጡም። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ልጄ ወዳለችበት ኦክላንድ ስመጣ፣ በእጄ ልሠራው የተመኘሁት ያንኑ አንድ ነገር ነው።

ከሰዓት በኋላ ተራዬ ደረሰ። ጓደኛዬ ከጠዋቱ ጉድ በኋላ እንኳ ክንዷን አልከለከለችኝም። ሄይዋርድ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት ሠርታ፣ ባቡር ላይ አንቀላፍታ ነው ክፍል የምትደርሰው። ከመምህሯ ወንበር አጠገብ ስንቀመጥ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ጴንጤ ናት፤ ጸሎት አታስታጉልም።

«ለእኔ ነው ለክንድሽ የምትጸልዪው?» አልኳት።

«ለሁለታችሁም። ለክንዴ ግን ጠበቅ አድርጌ።»

ጸሎቷ ሳያልቅ ቸኮልኩ መሰለኝ፣ መርፌው ገባ፤ ደም ግን አልመጣም። የደም ሥሯ ከመርፌው ሸሸ። ጥጥ ይዤላት ስቀመጥ መምህሯ፣ ከፈለግኩ በሌላ ተማሪ ክንድ መሞከር እንደምችል በዝግታ ነገረችኝ። ወደ ክፍሉ ዞር አልኩ። ሁሉም ድንገት ሥራ በዛበት። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ብሆን ለእኔ ክንዴን አልሰጥም።

ጓደኛዬ የሌላኛውን እጇን እጅጌ ጠቀለለች።

ያን እጇን ስይዘው በረዶ ነው። ለካ ጠዋትም በረዶ ነበር፤ እኔ የደም ሥሯን እንጂ እጇን አልያዝኩም ነበር። ጓንቴን አወለቅኩ። እጇን በሁለት መዳፎቼ መሃል አድርጌ እስኪሞቅ ጠበቅኩ። መምህሯ ሰዓቷን አየች፤ ነገር ግን አላቻኮለችኝም። እጇ ሲሞቅ እጄን ታጥቤ አዲስ ጓንት አጠለቅኩ፣ ላስቲኩን አሰርኩ። የደም ሥሩ ከጣቴ ሥር ብቅ አለ። ቀና ስል ጓደኛዬ ዓይኗን ከድናለች።

ደሙ ወደ ብልቃጡ ሲወርድ ላስቲኩን ወዲያው ፈታሁ። ሰውም ቢገባ፣ ጳጳስም ቢገባ፣ አልነሳም ነበር። መምህሯ ማለፌን ስትነግረኝ መነጽሬን አውልቄ እጠርግ ነበር። መነጽሩ ንጹሕ ነበር።

በክፍላችን ልማድ ክንድ የሚከፈለው በክንድ ነው። አሁን የእሷ ተራ ስለሆነ ሸሚዜን ሰብስቤ፣ እንደ ጀግና ክንዴን ጠረጴዛው ላይ አጋደምኩት። መምህሯ ክንድ የሚሰጠውን ሁሉ እንደምትጠይቀው የምወስደው መድኃኒት እንዳለ ጠየቀችኝ። ሐኪሜ በዚያው ሳምንት ለልቤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ጀምሮልኝ ነበርና ያንኑ ነገርኳት። እንዲህ ያለ ደም ቶሎ ስለማይቆም ለልምምድ አይሆንም ተብሎ ክንዴ በአክብሮት ተመለሰ። ጓደኛዬ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ክንድ ለምና፣ በመጀመሪያው ሙከራ አለፈች። እኔ ሸሚዜን እየቆለፍኩ አየኋት።

ሁለታችንም ዲግሪያችንን ይዘናል። እኔ እዚሁ ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል ሰፈር አጠገብ ባለች ትንሽ ክሊኒክ በሳምንት ጥቂት ቀን እሠራለሁ፤ የሽማግሌና የአሮጊት እጅ አሞቃለሁ። እሷም እዚያው ሄይዋርድ ክሊኒክ ገብታለች። አልፎ አልፎ ኮል ታደርግልኛለች፤ ጤናዬን ጠይቃ፣ ልጆቼን ጠይቃ፣ ስልኩን ልትዘጋ ስትል «ጋሼ፣ ክንዴስ?» ትለኛለች። ሐኪሜን ጠይቄዋለሁ፤ መድኃኒቱ የዕድሜ ልክ ነው አለኝ። ክንዷ እስካሁን እኔ ዘንድ ነው።